የባዮሎጂ ቃላትን ለፈተና ማጥናት፦ ደረጃ በደረጃ

«ሳነበው ይገባኛል፣ መጽሐፉን ስዘጋው ግን ቃሉ ይጠፋብኛል። ምን ላድርግ?» ስለ ባዮሎጂ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች መካከል የዚህን ያህል የሚደጋገም የለም። አንዱ ፈተናው አንድ ወር ቀርቶታል፣ ሌላው አሥር ቀን። ለሁሉም የምመልሰው ያንኑ ስለሆነ እዚህ ሙሉውን አስቀምጬዋለሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። ቃሉን ገጹ ላይ አይቶ «አዎ፣ አውቀዋለሁ» ማለት አንድ ችሎታ ነው። ባዶ ወረቀት ፊት ተቀምጦ ቃሉን ከነትርጉሙ ማውጣት ሌላ ችሎታ ነው። ደጋግሞ ማንበብ የሚያሠለጥነው የመጀመሪያውን ነው። ፈተናው የሚፈልገው ደግሞ ሁለተኛውን ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ይህን ሁለተኛውን ችሎታ ለማሠልጠን የተቀመጡ ናቸው። መጀመሪያ ላይ ይከብዳችኋል። ቀለል ካላችሁ እያነበባችሁ እንጂ እያስታወሳችሁ አይደለም ማለት ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

• የትምህርቱ ይዘት ዝርዝር፤ ከሌለ የመጽሐፉ ማውጫ
• መማሪያ መጽሐፍና የክፍል ደብተር
• ለጥናት ካርድ የሚሆን ጠንከር ያለ ወረቀት፣ መዳፍ በሚያህል መጠን ተቆራርጦ
• ሁለት ቀለም እስክርብቶ
• 3 ፖስታዎች ወይም ትናንሽ ካርቶኖች
• ለሥዕል የሚሆኑ ባዶ ወረቀቶች
• ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች፣ ከተቻለ ከነመልሳቸው

ስልክ ላይ ማጥናት የሚቀናችሁ በወረቀት ካርድ ፋንታ አንኪ (Anki) የተባለውን የመሰለ የጥናት ካርድ መተግበሪያ መጠቀም ትችላላችሁ። ሌላ ሰው የሠራውን ካርድ አውርዳችሁ አትጀምሩ። ትርጉሙን አሳጥሮ በራስ እጅ መጻፍ ራሱ ትልቅ ጥናት ነው፤ ያንን ለሌላ ሰው አሳልፋችሁ አትስጡ።

ጊዜን በተመለከተ፣ በቀን ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይበቃል። በሳምንት አንድ ቀን አምስት ሰዓት ከመቀመጥ ይህ በጣም ይሻላል።

ደረጃ 1፦ ዝርዝሩን አውጡ

ለፈተናው የሚገቡትን ምዕራፎች ገልጣችሁ በደማቅ የተጻፉትን ቃላት፣ የምዕራፍ ማጠቃለያ ላይ ያሉትንና አስተማሪያችሁ ሰሌዳ ላይ የጻፈላችሁን ሰብስቡ። ትርጉም አትጻፉ፤ ቃሉን ብቻ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ቃል ጎን ከሦስት ፊደላት አንዱን አስቀምጡ። «አ» አውቀዋለሁ፣ «ሰ» ሰምቼዋለሁ፣ «ል» አላውቀውም።

«አ» ለመስጠት አንድ መስፈርት አለ። ትርጉሙን መጽሐፍ ሳታዩ፣ ድምፅ አውጥታችሁ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር አለባችሁ። «እ… ይሄ እንኳን… ያ ነገር» ካላችሁ «ሰ» ነው።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ጊዜያችሁን የምታውቁት ላይ እንዳታጠፉ ነው። የምናውቀውን ማንበብ ደስ ስለሚል ሳናስበው ደጋግመን ወደዚያ እንመለሳለን። ከሦስቱ ይበልጥ የሚያታልለው ደግሞ «ሰ» ነው። ጆሮ ስለለመደው የታወቀ ይመስላል፤ ፈተና ላይ ግን ድርግም ይላል።

ደረጃ 2፦ በቤተሰብ መድቧቸው

በፊደል ተራ አታጥኑ። አብረው የሚሠሩትን አንድ ላይ አድርጉ። ኒውክለስ፣ ሳይቶፕላዝም፣ ማይቶኮንድሪያ፣ ራይቦዞምና የሴል ሜምብሬን አንድ ቤተሰብ ናቸው። ጂን፣ አሊል፣ ክሮሞዞም፣ ጂኖታይፕና ፊኖታይፕ ሌላ ቤተሰብ። አምራች፣ ተመጋቢና አፍራሽ ሌላ። አንዱ ቃል ሲመጣላችሁ ሌላውን ይጎትተዋል፤ ለብቻው የተሸመደደ ቃል ግን የሚጎትተው የለም።

ማስጠንቀቂያ፦ ስማቸው የሚመሳሰል ሁለት ቃላትን በአንድ ቀን አዲስ አድርጋችሁ አትጀምሩ። ማይቶሲስን ዛሬ ከያዛችሁ ሚዮሲስን ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ጀምሩ። አንዱ ሳይረጋ ሌላው ከመጣ ሁለቱም ይምታታሉ።

ደረጃ 3፦ ረጅሙን ቃል ሰባብሩት

አብዛኞቹ የባዮሎጂ ቃላት ከግሪክና ከላቲን ቁርጥራጮች የተገጣጠሙ ናቸው። ቁርጥራጮቹ ይደጋገማሉ። ጥቂቶቹን የያዘ ሰው አይቶት የማያውቀውን ቃል እንኳ መገመት ይችላል። ከእነዚህ ጀምሩ፦

• ፎቶ፦ ብርሃን። ሲንተሲስ፦ መገንባት። ፎቶሲንተሲስ፦ በብርሃን ምግብ መሥራት።
• ሃይድሮ፦ ውሃ። ሊሲስ፦ መፍታት፣ መሰባበር። ሃይድሮሊሲስ፦ በውሃ አማካይነት መሰባበር።
• ሳይቶ ወይም ሳይት፦ ሴል። ኤሪትሮ፦ ቀይ። ሊውኮ፦ ነጭ። ኤሪትሮሳይት ቀይ የደም ሴል፣ ሊውኮሳይት ነጭ የደም ሴል።
• ኦቶ፦ ራስ። ሄትሮ፦ ሌላ፣ የተለያየ። ትሮፍ፦ መመገብ። ኦቶትሮፍ ምግቡን ራሱ የሚሠራ፣ ሄትሮትሮፍ ከሌላ የሚመገብ።
• ሃይፐር፦ ከመጠን በላይ። ሃይፖ፦ ከመጠን በታች። ኤሚያ፦ በደም ውስጥ።

አሁን ሞክሩት። «ግላይኮ» ከስኳር ጋር እንደሚያያዝ ከነገርኳችሁ ሃይፖግላይሴሚያ ምንድን ነው? በደም ውስጥ ያለ ስኳር ከመጠን በታች መውረድ። ሳትሸመድዱት አገኛችሁት።

የቃሉ መጨረሻም ይናገራል። በ«ኦስ» የሚያልቅ ብዙ ጊዜ ካርቦሃይድሬት ነው፤ በ«ኤዝ» የሚያልቅ ብዙ ጊዜ ኢንዛይም ነው። ላክቶስ ወተት ውስጥ ያለው ስኳር ነው፤ ላክቴዝ ያንን ስኳር የሚሰባብረው ኢንዛይም ነው። ማልቶስና ማልቴዝም እንደዚያው።

ማስጠንቀቂያ፦ «ብዙ ጊዜ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ፔፕሲንና ትሪፕሲን ኢንዛይሞች ናቸው፣ ግን በ«ኤዝ» አያልቁም። ስብርባሪው ብቻውን የሚያሳስትበትም ጊዜ አለ። ሄሞፊሊያ በቁሙ ሲፈታ «ደም መውደድ» ይመስላል፤ በሽታው ግን ደም በአግባቡ የማይረጋበት ነው። ስለዚህ ስብርባሪውን ለማስታወሻ ተጠቀሙበት፤ ትርጉሙን ከመጽሐፉ አረጋግጡ።

ደረጃ 4፦ ትርጉሙን ወደ ነጥብ ቆራርጡ

ብዙ ውጤት የሚጠፋው እዚህ ጋ ስለሆነ ጊዜ ስጡት። ጥሩ ትርጉም አንድ ወጥ ዓረፍተ ነገር ቢመስልም በውስጡ ሁለት ሦስት ነጥቦች አሉት። አራሚው የሚቆጥረው እነዚያን ነጥቦች ነው። አንዷ ከጎደለች የሷ ማርክ ይሄዳል።

ኦስሞሲስን እንውሰድ። ብዙ ተማሪ «ውሃ ከብዙ ወደ ትንሽ መሄድ» ብሎ ይጽፋል። ቅርብ ነው፣ ግን ጎዶሎ ነው። ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦

ምንድን ነው የሚንቀሳቀሰው? የውሃ ሞለኪውሎች። ስኳሩ ወይም ጨው አይደለም።

ከየት ወደ የት? የውሃው ክምችት ከፍ ካለበት የውሃው ክምችት ዝቅ ወዳለበት።

በምን በኩል? በከፊል አሳላፊ ሜምብሬን በኩል።

ሦስቱን ስታገጣጥሙ፦ ኦስሞሲስ ማለት የውሃ ሞለኪውሎች የውሃው ክምችት ከፍ ካለበት ዝቅ ወዳለበት በከፊል አሳላፊ ሜምብሬን በኩል የሚያደርጉት እንቅስቃሴ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ብዙዎች ይወድቃሉ። «ብዙ» ስትሉ የምን ብዙ? ጨው የበዛበት ቦታ ውሃው በአንጻሩ ያነሰበት ነው። ስለዚህ ውሃው ወደ ጨዋማው ይሄዳል። «ብዙ» ብላችሁ ዝም ካላችሁ አራሚው የጨውን ይሁን የውሃን አያውቅም። ሁልጊዜ ስሙን ጥሩት።

ከዚያ ምሳሌ ጨምሩበት። ቀይ የደም ሴል ንጹህ ውሃ ውስጥ ቢገባ ውሃ ወደ ውስጥ እየገባ ያብጥና ይፈነዳል። በጣም ጨዋማ ውሃ ውስጥ ቢገባ ውሃውን አጥቶ ይሸበሸባል። የእፅዋት ሴል ግን ንጹህ ውሃ ውስጥ ገብቶም አይፈነዳም፤ የሴል ግድግዳው ይዞት ይወጠራል። ይህን ከያዛችሁ «ለምን» ብሎ የሚጠይቀውንም ጥያቄ ትመልሳላችሁ።

መጀመሪያ ትርጉሙን እንደምትናገሩት አድርጋችሁ ጻፉት። ቀጥላችሁ ከመጽሐፉ ጋር አስተያዩትና የጎደለውን ቁልፍ ቃል በሌላ ቀለም አስገቡ። በራስ አነጋገር መጻፍ መግባቱን ያረጋግጣል፤ በሌላ ቀለም የገባችው ቃል ደግሞ ማርኳ የት እንዳለ ታሳያለች። መጽሐፉን ቃል በቃል መገልበጥ ሁለቱንም አይሰጣችሁም።

ደረጃ 5፦ ካርዱን ሥሩ

ከፊት ቃሉን ጻፉ። ከጀርባ የተቆራረጠውን ትርጉም፣ አንድ ምሳሌና «ከዚህ ጋር እንዳይምታታ» የምትሉትን ቃል። ከዚያ በላይ አትጨምሩ። አንድ ካርድ ላይ ሙሉ ምዕራፍ የሚያጭቁ ሰዎች አሉ፤ እንዲህ ያለ ካርድ ላይ «ግማሹን አውቄዋለሁ» ስትሉ ልክ ናችሁ ስህተት ናችሁ ማለት አይቻልም።

በቀን ከ10 እስከ 15 አዲስ ካርድ ይበቃል። በመጀመሪያው ቀን ሞራላችሁ ከፍ ብሎ 60 ካርድ ብትሠሩ፣ በአራተኛው ቀን ክለሳው ይከመርባችኋል።

ካርዱን በሁለቱም በኩል ጠይቁ። አንዴ ቃሉን አይታችሁ ትርጉሙን፣ አንዴ ትርጉሙን አይታችሁ ቃሉን። ምርጫ ላይ የመጀመሪያው ሊያሳልፋችሁ ይችላል፤ ባዶ ቦታ ሙላ ላይ ግን ሁለተኛው ያስፈልጋል።

ፈተናው በእንግሊዝኛ ከሆነ ቃሉን በእንግሊዝኛ ስፔሊንጉ ጻፉ፣ ትርጉሙን በሚገባችሁ ቋንቋ ያዙና ከሥሩ የእንግሊዝኛውን ትርጉም ጨምሩ። ካርዱን ስትመልሱ ቃሉን በአፍ ብቻ አትበሉት፤ ጻፉት። አንድ ፊደል ማይቶሲስን ከሚዮሲስ ጋር የሚያዳቅል ከሆነ አራሚው የቱን እንዳሰባችሁ ሊያውቅ አይችልም።

ደረጃ 6፦ በሦስት ፖስታ ክለሱ

ፖስታ 1 በየቀኑ፣ ፖስታ 2 በየሦስት ቀኑ፣ ፖስታ 3 በየሳምንቱ ይከፈታል። አዲስ ካርድ ሁሉ ፖስታ 1 ይገባል። በትክክል ከመለሳችሁት ወደሚቀጥለው ያልፋል። ከሳታችሁት የትም ይሁን የት ወደ ፖስታ 1 ይመለሳል። ይህ አሠራር የላይትነር ሳጥን በሚል ስም ይታወቃል።

ለምን ክፍተት ያስፈልጋል? ቃሉ ሊጠፋ ሲል ታግሎ ማውጣት ትዝታውን ያጠነክረዋል። ከአምስት ደቂቃ በፊት ያያችሁትን መልሶ ማለት ግን ምንም ትግል የለውም፤ ስለዚህ ብዙም አይጨምርላችሁም።

ማስጠንቀቂያ፦ ካርዱን ቶሎ አትገልብጡ። ባይመጣላችሁም አሥር ሰከንድ ያህል ታገሉ፣ የመሰላችሁን ተናገሩ፣ ከዚያ ገልብጡ። «ልለው ነበር» የሚባል መልስ እንደ ስህተት ይቆጠር።

ደረጃ 7፦ የሚምታቱትን ፊት ለፊት አቁሙ

ከላይ የሚመሳሰሉትን በተለያየ ቀን ጀምሩ ብያለሁ። ሁለቱም ፖስታ 2 ሲደርሱ ግን አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን አድርጓቸው። ፈታኞች እነዚህን ጥንዶች ይወዷቸዋል። እኔ በብዛት ሲምታቱ የማያቸው እነዚህ ናቸው፦

ማይቶሲስና ሚዮሲስ። ማይቶሲስ አንድን ሴል ሁለት ተመሳሳይ ሴሎች ያደርጋል። በሰው 46 ክሮሞዞም ያለው ሴል እያንዳንዳቸው 46 ያላቸውን ሁለት ያስገኛል፤ ለእድገትና ለጥገና ነው። ሚዮሲስ የክሮሞዞሙን ቁጥር በግማሽ ይቀንሳል፤ 23 ክሮሞዞም ያላቸው ሴሎችን ይሰጣል፤ ለዘር ሴሎች ነው። መያዣ፦ «ማይቶሲስ ማባዣ፣ ሚዮሲስ ሚቀንስ»።

ግሉኮስ፣ ግላይኮጅን፣ ግሉካጎን። ግሉኮስ በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ስኳር ነው። ግላይኮጅን ጉበትና ጡንቻ ውስጥ የሚከማቸው ነው። ግሉካጎን ከቆሽት የሚመነጭ ሆርሞን ነው፤ የደም ስኳር ሲወርድ ከፍ እንዲል ያደርጋል። ግሉካጎን ውስጥ «ጎ» አለች፤ ስኳር ሲጎድል የሚመጣው እሱ ነው።

አርተሪና ቬይን፣ ማለትም ደም ቅዳና ደም መልስ። አርተሪ ደምን ከልብ ያወጣል፣ ቬይን ወደ ልብ ይመልሳል። አርተሪ በ«አ» ይጀምራል፤ «አውጪ» ብላችሁ ያዙት። «አርተሪ ኦክስጅን የበዛበት ደም ይይዛል» ብላችሁ ግን አትተርጉሙ። ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄደው አርተሪ የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰውን ደም ነው። መለያው አቅጣጫው ነው።

ዩሬተርና ዩሬትራ። ዩሬተር ሽንትን ከኩላሊት ወደ ሽንት ፊኛ ያደርሳል፤ ኩላሊት ሁለት ስለሆነ እሱም ሁለት ነው። ዩሬትራ አንድ ነው፤ ከፊኛው ወደ ውጭ ያወጣል። ይህን በሥዕል ያዙት፤ በቃል አይያዝም።

ዛይለምና ፍሎየም። ዛይለም ውሃና ማዕድናትን ከሥር ወደ ላይ ይወስዳል። ፍሎየም ቅጠል የሠራውን ስኳር ወደሚፈለግበት ክፍል ያደርሳል፤ ወደ ታችም ወደ ላይም።

ትንፈሳና ሬስፒሬሽን። ይህኛው ለእኛ ይበልጥ ያስቸግራል፤ «መተንፈስ» የምንለው ሁለቱንም ስለሚሸፍን። ሳንባ አየር ማስገባቱና ማስወጣቱ አንድ ነገር ነው። ሬስፒሬሽን ግን ሴል ውስጥ ግሉኮስ ተሰባብሮ ጉልበት የሚለቀቅበት ኬሚካላዊ ሂደት ነው። እፅዋትም ቀንም ሌሊትም ያደርጉታል። «እፅዋት በቀን ፎቶሲንተሲስ፣ በማታ ሬስፒሬሽን» የሚለው መልስ ስህተት ነው።

ለእያንዳንዱ ጥንድ «ሀ ይህ ሲሆን ለ ግን ያ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «አነጻጽር» የሚል ጥያቄ የሚፈልገው ይህን ቅርፅ ነው። ስለ ሀ አንድ አንቀጽ፣ ስለ ለ ሌላ አንቀጽ ጽፎ ማቆም ንጽጽር አይባልም።

ደረጃ 8፦ ባዶ ወረቀት ላይ ሣሉ

ሴልን፣ ልብን፣ አበባን፣ የምግብ መፍጫ ሥርዓትን ከጭንቅላታችሁ ሣሉና ክፍሎቹን ሰይሙ። ውበት አያስፈልግም። ከዚያ መጽሐፉን ገልጣችሁ የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙሉ። በማግስቱ ድገሙት። ከመጽሐፍ እያዩ መቅዳት ግን እጅን ብቻ ያደክማል።

የስያሜው መስመር ክፍሉን መንካት አለበት። የሴል ሜምብሬንና የሴል ግድግዳ ጎን ለጎን ስለሆኑ መሃላቸው ላይ የቆመ መስመር ነጥብ ያስጥላል።

ደረጃ 9፦ በፈተና መልክ ጻፉ

ፈተናው ሳምንት ሲቀረው ያለፉ ጥያቄዎችን አምጡ። ሰዓት ያዙ፣ መጽሐፍ ዝጉ፣ ጻፉ። ስታርሙ የሳታችሁትን ቃል ካርድ ከያለበት አውጥታችሁ ፖስታ 1 መልሱ። የጥያቄውን ግሥ አስምሩበት። «ጥቀስ» ስም ብቻ ይፈልጋል። «ግለጽ» ምን እንደሚሆን ይፈልጋል። «አብራራ» ለምን እንደሚሆን ይፈልጋል፤ መልሳችሁ ውስጥ «ምክንያቱም» ወይም «ስለዚህ» ከሌለ ደግማችሁ እዩት።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

ገጹን በሙሉ በቢጫ ቀለም ማቅለም። ሁሉም ከተቀለመ የተለየ ነገር የለም፤ ጭንቅላትም አልሠራም።

ቃሉን በራሱ መተርጎም። «ዲፊውዥን ማለት ነገሮች ዲፊውዝ ሲያደርጉ ነው» ምንም አይነግርም።

«ጉልበት ይፈጥራል» ብሎ መጻፍ። ጉልበት አይፈጠርም፤ ሬስፒሬሽን ጉልበት ይለቃል በሉ።

ጓደኛ ሲጠይቃችሁ ከጀርባው ማንበብ፣ ወይም ግማሽ መልስ ላይ «አዎ፣ አዎ» እንዲላችሁ መፍቀድ። ጓደኛችሁ ካርዱን ይዞ ነጥቦቹን ይቁጠር፤ ሦስት ካሉ ሦስቱንም ይጠብቅ።

የመጨረሻውን ሌሊት ሙሉ መንቃት። የተጠናው የሚረጋው በእንቅልፍ ጊዜም ነው። በዋዜማው አዲስ ቃል አትጀምሩ፤ ፖስታ 1 ውስጥ የቀሩትን አንዴ ተመልከቱና ተኙ።

ፈተናው ላይ ቃሉ ከጠፋባችሁ

ተጨንቃችሁ እዚያው አትቁሙ። ጥያቄው ጎን ምልክት አድርጋችሁ እለፉ። ስትመለሱ የቃሉን ቤተሰብ ጥሩ፤ ከማን ጋር ነበር የመደባችሁት? ከዚያ ስብርባሪውን ሞክሩ። ያም ካልሆነ ሂደቱን በተራ ቃል ጻፉ፦ ምን ይንቀሳቀሳል፣ ከየት ወደ የት፣ በምን በኩል። ስሙን ብታጡም ከነጥቦቹ የተወሰኑትን ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ከባዶ ቦታ ግን የሚገኝ ነጥብ የለም።